አቡነ መሲያስና የሃምሳ ዓመት ፈተና

ዕድሜያችን ሲጋመስ የደከምንበት ሁሉ ከንቱ የሆነ መስሎን ልባችን ይዝላል። በዚህ ፈተና ጊዜ፣ ማንኪራ በምትገኝበት በካፋ ምድር ወንጌልን የሰበኩትን አቡነ መሲያስን (ጉልየልሞ ማሳያን) እናስታውሳለን።

እኒህ የካፑቺን ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ1809 በኢጣሊያ ተወልደው፣ በ1859 በሃምሳ ዓመታቸው ካፋ ገቡ። ሥራቸው ገና ሥር ሳይሰድ በ1861 ከአገሩ ተባረሩ። መንጋቸውን ትተው ሲወጡ የነበረባቸውን ሐዘን መገመት አያዳግተንም።

ይሁን እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለሚስዮናውያን የሚረዳ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አዘጋጅተው በ1867 በፓሪስ አሳተሙ፤ በ1868 ሸዋ ገብተው እስከ 1879 አገለገሉ። ዳግመኛ ቢባረሩም የሚስዮን ታሪካቸውን ጻፉ፤ በ1884 ካርዲናል ተብለው በ1889 ዐረፉ። በካፋ የተከሉትም አልደረቀም፤ አገር በቀል ካህናት መንጋውን ጠበቁ።

ያረጀ ቡና ተጎንድሎ ዳግም እንደሚያቆጠቁጥ የማንኪራ ሰው ያውቃል። እኛም በዕድሜያችን አጋማሽ የጀመርነው ሲፈርስብን፣ በእጃችን የቀረውን ሥራ በትዕግሥት እንያዝ፤ ፍሬውን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነውና።