የቆራጣዋ ወለተ ጴጥሮስ

በወረዳችን በደራ፣ ጣና ዳር በቆራጣ በስሟ ገዳም ያላት እናታችን ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ተወለደች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብል ትዳሯንና ሀብቷን ትታ መነነች፤ አዋጁ ሲወጣም ሕዝቡ እንዳይቀበል እየዞረች መከረች። ስለዚህ ለፍርድ ቀርባ ወደ ዠበይ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። እዚያም ተከታዮቿ በዙ፤ በዕድሜዋ ሰባት ማኅበራት መሠረተች። ሱስንዮስ በ1632 አዋጁን ሻረ፤ እሷ በ1642 አረፈች።

በዚያው ዘመን፣ በ1637፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አን ሃቺንሰን የተባለች እናት ቤቷ ሰው ሰብስባ ስላስተማረች እንድትባረር ተፈረደባት። የፈረዱባት ራሳቸው ስለ እምነታቸው ከእንግሊዝ የተሰደዱ ነበሩ።

ተገፍቶ የመጣም ሥልጣን ሲይዝ ይገፋል። ኅሊና ግን በአዋጅ አይገዛም፤ ዛሬም ሹም የሚሆን ሁሉ ይህን ይወቅ።