በብር ላይ ያለችው ንግሥት

በቀድሞ ዘመን በሰቆጣ ገበያ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ነበረ። አንዱ ከአፋር ቈላ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነው፤ ሁለተኛው ጠገራ ብር ነው። አሞሌ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ይወደድ ነበርና፥ አንድ ብር በሰቆጣ የሚገዛውን ያህል በጎጃም አይገዛም ነበር። በብሩም ላይ ራሷን የተከናነበች የአንዲት ሴት መልክ ተቀርጾ ነበር። እርሷም የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት፤ የዱሮ ሰዎች አገሯን ነምሳ ይሉት ነበር።

ማርያ ቴሬዛ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1717 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ተወለደች። አባቷ ንጉሠ ነገሥት ካርል ወንድ ልጅ ስላልቀረለት፥ ሴት ልጁ አገሩን እንድትወርስ የአውሮጳን ነገሥታት በውል አሰረ። ዳሩ ግን ውል በወረቀት ላይ ሲሆን ቀላል ነው። በ1740 ካርል በሞተ ጊዜ፥ የፕሩስያ ንጉሥ ፍሬድሪክ የአባቱን ውል ትቶ ሲሌዝያ የምትባለውን ባለጸጋ አገር ወረረ። በዚያን ጊዜ ንግሥቲቱ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ነበረች፤ ሣጥኗ ባዶ፥ ሠራዊቷም ደካማ ነበረ። በ1741 ወደ ሁንጋርያ መኳንንት ሄዳ እርዳታ ለመነች፤ እነርሱም ወታደር ሰጧት። ጦርነቱ በ1748 ሲያልቅ የአባቷ ርስት አብዛኛው ተረፈላት፤ ሲሌዝያ ግን አልተመለሰችም።

አሥራ ስድስት ልጆች ወለደች፤ አንዳንዶቹም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ የሐዘን ልብስ አላወለቀችም። በብሩ ላይ የሚታየው መከናነቢያ ይኸው የመበለትነቷ ነው። በ1772 ሦስት መንግሥታት የፖላንድን አገር ሲቈራርሱ፥ በራሷ ላይ የደረሰውን ግፍ የምታውቀው ንግሥት እያመነታች ድርሻዋን ወሰደች። በ1774 ግን ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዘዘች፤ ሥራዋ ሁሉ ቢመዘን ይህ ይበልጣል። በ1780 ሞተች።

ብሯ ግን አልሞተም። ክብደቱ ወደ 28 ግራም ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። የኢትዮጵያ ነጋዴ የመከናነቢያዋንና የዕንቊዎቿን ቅርጽ እየመረመረ ይቀበል ነበርና፥ መልኩ የተለወጠ ወይም የተፋቀ ብር አይወድም ነበር። ስለዚህ ብር የሚመቱት ሰዎች 1780 የሚለውን ቍጥር ሳይለውጡ መምታት ቀጠሉ። ዋግሹም ጎበዜ ዋግንና ላስታን በሚገዙበት ዘመን፥ በ1867፥ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲነሣ ይህንኑ ብር ከቪየና አስመትቶ ይዞ መጣ፤ የገዛ ንግሥቱ መልክ ያለበትን ገንዘብ ባለአገሩ አይቀበልለትም ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ የራሳቸውን ብር ባስመቱ ጊዜም ብዙ ሰው ከማርትሬዛው አልላቀቅም አለ። እስከ 1945 ድረስ ብሯ በኢትዮጵያ ገበያ ቈየ።

ዛሬ አሮጌ ብር የሚሰበስቡ ሰዎች 1780 የሚለውን ቍጥር ብቻ አይተው አይደሰቱም። እንዲህ ያለው ብር በቪየና፥ በሮማ፥ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷልና፥ የንስሩን የጅራት ላባና የዕንቊዎቹን ቍጥር በአጉሊ መነጽር እየቈጠሩ ይለዩታል። ንግሥቲቱ በሕይወት ሳለች የተመታው፥ ይልቁንም ከ1765 በፊት ያለ መከናነቢያ የተቀረጸው፥ ጥቂት ነው። በደጋው አንጥረኞች ቀልጦ የአንገት መስቀልና ድሪ የሆነው ብር አብዛኛው የተመታው ንግሥቲቱ በመቃብር ሳለች ነው።