ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት የምንማረው



በዚህች መጽሔት ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ቀሪ ቅጣት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ዘንድሮ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ላጫውታችሁ አሰብኩ። ሰውየው የጎንደሩ ተወላጅ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ስማቸውን ያልሰማ የለም። ነገር ግን ሕይወታቸው ስለ ርዳታ አሰጣጥ የሚያስተምረንን ልብ ያልን ጥቂቶች ነን።

ሐኪም ወርቅነህ ጎንደር ላይ በ1857 ዓ.ም. ተወለዱ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት የሚናወጥበት ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በስንት ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው ትንሽ ቆይቶ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሰዉ፤ አምባው ተቃጠለ፤ ሕዝቡም ተበተነ። በዚያ ግርግር መካከል ከወገኑ የተለየ፣ አራት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሕፃን ተገኘ። ወርቅነህ ማለት እሱ ነው።

ቻምበርሊን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን አዘነለትና ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። መኮንኑ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ያን ጊዜ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የልጁን የትምህርት ወጪ ቻለ። ከዚያ በኋላ የልጁ ስም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። በ1874 ዓ.ም. ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ወጣ፤ ኋላም ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አጠናከረ፤ በርማ ውስጥም በሐኪምነት አገለገለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማርቲን ለልጁ የአንድ ቀን ቁራሽ ሰጥቶ ዞር አላለም። ልጁ በእግሩ እስኪቆም ድረስ አልለቀቀውም። መልካም ርዳታ እንዲህ ነው። ግን ሌላም ጎን አለው። ልጁ ከሞት ቢተርፍም ስሙን፣ ቋንቋውንና ዘመዱን አጣ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሐኪም ሆነው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አያታቸው ገና በሕይወት ነበሩ! ሴትዮዋ የልጅነቱን ጠባሳ ምልክት አድርገው የልጅ ልጃቸውን ለዩት። ሠላሳ ዓመት ያህል ወገን እያለው ወገን የሌለው ሆኖ ኖረ ማለት ነው። ልጁን ያነሡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አዝነው ነው። ነገር ግን ኀዘኔታ ብቻውን ሁሉን አያይም።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ተመልሰው ሲሄዱ ሲመጡ ቆዩና በመጨረሻ አገራቸው ላይ ረጉ። ሕመምተኛ ማከም ብቻ በቂ ሆኖ አልታያቸውም። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። አንባቢ ከአገሩ ውጭ ያለውን ዓለም እንዲያውቅ ብለው የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በባርነት ነገር የደከሙት ነው። በ1916 ዓ.ም. ባሪያ ነፃ እንዲወጣ አዋጅ ወጣ። ታዲያ ነፃ የወጣው ሰው የት ይግባ? መሬት የለው፣ ቤት የለው፣ ዘመድ የለው። ወረቀት ይዞ መንገድ ላይ ከቆመ ተመልሶ በጌታው ደጅ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር ከደከሙት ዋነኛው ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። እሳቸውም ከወገን ተለይተው ያደጉ ናቸውና የዚያን ልጅ ሆድ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ።

ኋላም ጨርጨርን አስተዳደሩ። በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ሄዱ። ጣሊያን ሲወረን ለአገራቸው ርዳታ እንዲሰበሰብ ደከሙ። ዮሴፍና ቢንያም የተባሉ ልጆቻቸውን ግን በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሉባቸው። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ይህን ሁሉ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ገንዘብ ያዥ በነበርኩበት ዘመን አንድ አባላችን ሦስት ልጆች ትቶ ሞተ። ድንኳኑን ተከልን፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ በሠልስቱ ገንዘቡን ቆጥረን ሰጠን። ደንቡ ተሟላ ብለን ተበተንን። ክረምት ሲገባ የሚያርስ ስለጠፋ ሚስቲቱ መሬቷን ለየእኩል ሰጠች፤ በመስከረም ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቀረ። እኛ በደጇ እያለፍን እግዚአብሔር ያጽናሽ እንል ነበር። ምን ጎደለሽ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ገንዘቡ አላነሰም ነበር፤ ጊዜውንና ቦታውን አልያዘም እንጂ።

ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤው እንዲታሰብበት ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከመስጠታችን በፊት ቤተሰቡንና የቅርብ ዘመዱን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከገንዘቡ ጥቂቱ ለእርሻና ለትምህርት መጀመሪያ ይቆይላቸው። ሦስተኛ፣ ሁለት አባላት ተመርጠው እስከ መኸር ድረስ ቤቱን ይጎብኙ። መዋጮ መጨመር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እግርና ጆሮ ነው።

ሙታንን በክብር መሸኘት እናውቅበታለን። የቀሩትን ደግሞ በእግራቸው ማቆም እንልመድ። ቸር ይግጠመን።