ሎሬንሶ ታእዛዝና የዘረኞች መልስ

ዘረኛ በዘረኝነቱ ሲከሰስ ክሱን ትቶ ከሳሹን መመርመር ይቀናዋል። ይህን የቅኝ ገዥዎች ጠባይ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያወቀ አንድ ኢትዮጵያዊ ዲፕሎማት ነበር፤ ሎሬንሶ ታእዛዝ።

ሎሬንሶ በ1892 ዓ.ም. በኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ ተወለደ። ምድሩ በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ከወደቀ ገና 10 ዓመት ያህል ነበር። አገዛዙ ለአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አይገባውም ባይ ነበር፤ ለመላላክና ጠመንጃ ለመሸከም ያ ይበቃዋልና። ሎሬንሶ በአሥመራ በዚሁ አስተዳደር ውስጥ ከሠራ በኋላ አገር ለቆ ወጣ። በዔደን ከተፈሪ መኮንን ጋር ተገናኝቶ፣ በእርሳቸው ድጋፍ ፈረንሳይ አገር በሞንፔልዬ ሕግ ተማረ።

ነሐሴ 1927 ሊያልቅ ሲል ፋሺስት ኢጣልያ በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ወፍራም ማስታወሻ አቀረበች። ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች፣ ባሪያ ፈንጋይ አገር ስለሆነች ከአባሎቹ ጋር በእኩልነት ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ነበር። ባርነት በአገራችን መኖሩ እውነት ነው፤ የፊውዳሉ ሥርዓት ነውር ስለሆነ የሚሸፈንበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ማስታወሻው የተጻፈው ባሪያውን ነጻ ለማውጣት ሳይሆን ጌታውንም ባሪያውንም አንድ ላይ ለመግዛት ነበር። በማግስቱ የኢትዮጵያ ጠበቃ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ሊመልስ ሲነሣ የኢጣልያው መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ልብ በሉ፤ ተናጋሪው ነጭ ነበር። ለጥቁር ሕዝብ ጥብቅና መቆሙ ብቻ የማይደመጥ አደረገው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ የሕግ ፋኩልቲ የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች እንዳያስተምር በረብሻ አወኩት።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በማኅበሩ ፊት ያሰሙትን ንግግር በማዘጋጀት ሎሬንሶ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ይታወቃል። ንግግሩ በአውሮፕላን ስለተረጨው መርዝ፣ ስላለቀው ሕዝብና ከብት፣ ስለተመረዘው ውሃ ዘርዝሮ የሚናገር ነበር። የኢጣልያ ጋዜጠኞች መልስ ፉጨት ሆነ፤ እስኪባረሩም ድረስ አላቆሙም።

የጨዋዎቹ መልስ ግን ከፉጨቱ የከፋ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ በጸጥታ አዳመጡ። ማንም ቃሉን ሐሰት ነው አላለም፤ ማንም ኢትዮጵያዊውን በግልጽ አልሰደበም። ከ4 ቀን በኋላ፣ ሰኔ 27፣ ነዳጅ ዘይትን ቀድሞውንም ያልነካው የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንዲነሣ ማኅበሩ ወሰነ። የፋሺስቶቹ ፉጨት ቢያንስ ጠላትን ከወዳጅ ይለያል፤ በትሕትና አንገቱን ነቅንቆ ወራሪውን የሚያጸድቅ ኢምፔሪያሊስት ግን ዘረኛ መባሉን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

በወረራው ዘመን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኖ በጄኔቫ የቀረው ሎሬንሶ ለማይሰማ ማኅበር አቤቱታ መጻፉ ብቻ አልበቃውም። በሱዳን በኩል በድብቅ ወደ ጎጃም ዘልቆ ከአርበኞች ጋር ተገናኘ። በዚያን ጊዜ በምዕራብ ጎጃም እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ያሉ አርበኞች ይዋጉ ነበር፤ ጠላት ደግሞ በዳንግላና በእንጅባራ መሽጓል። ወራሪው በሚያዝያ 1929 ባወጣው ድንጋጌ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣልያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደንግጎ ነበር። ሴቲቱን መድፈር አላሳፈረውም፤ ያሳፈረው ዝምድናው ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ግን የዳንግላና የእንጅባራ ምሽጎች በአርበኞችና በአጋሮቻቸው ግፊት ተለቀቁ።

ከነጻነት በኋላ ሎሬንሶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም በሞስኮ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነ። በ1938 ዓ.ም. ስቶክሆልም ውስጥ አረፈ።

በጄኔቫ ያሰማው ክስ ግን ገና መልስ አላገኘም ነበር። ኢጣልያዊው የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ስለ መርዙ ጢስ ማስረጃ ሰብስቦ ሲያወጣ የገዛ ወገኖቹ ለብዙ ዓመታት አገር ሰዳቢ እያሉ ወረዱበት፤ በጦርነቱ የተካፈለው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊም ዓይኔ አላየም ሲል ሸመጠጠው። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር መርዙ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከጄኔቫው ፉጨት 60 ዓመት ያህል በኋላ። ያን ጊዜ ሞንታኔሊም መሳሳቱን አመነ።