አጼ ካሌብና የቀይ ባሕር ጎረቤቶች

ለዚህ እትም ታሪክ ጻፊ ስባል አጼ ካሌብን መረጥኩ። በቤተ ክርስቲያን እንደ ጻድቅ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ለናግራን ክርስቲያኖች የዘመተ ንጉሥ ተብሎ ስሙን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ግን በተለይ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ባሕሩ ነው። አንዳንዶቻችን በአውሮፕላን በላዩ አልፈን፣ አንዳንዶቻችን በጀልባ እየተናጥን የተሻገርነው ያ ባሕር፣ ዳርና ዳሩ ያሉትን አገሮች እንደ አንድ ግቢ ተከራዮች አድርጓቸዋል። አንዱ በሩን ሲዘጋ ሌላው መውጫ ያጣል። ይህንን ከአጼ ካሌብ ሕይወት የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘሁም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ካሌብ የታዜና ልጅ ነው፣ የንግሥና ስሙ እለ አጽብሓ ይባላል። በወርቅ ገንዘቡ ላይ የራሱንና የአባቱን ስም ያስቀረጸው በግሪክኛ ፊደል ነው። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ዘመን በባሕሩ ላይ የሚመላለሰው ነጋዴ የሚግባባው በግሪክኛ ስለነበረ ነው። የነገሠው በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን መቀመጫው አክሱም፣ ወደቡ አዱሊስ ነበረች። የአዱሊስ ፍርስራሽ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ዙላ አጠገብ ይገኛል። በሰሜን በኩል ግብጽንና ፍልስጤምን የያዘችው ሮም ነበረች፣ ዋና ከተማዋ ያኔ ቁስጥንጥንያ ነው። ከባሕሩ ማዶ የመን ላይ የሒምየር መንግሥት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሮም ጠላት ፋርስ። የሕንድ ቅመም፣ የየመን ዕጣን፣ የእኛ አገር የዝሆን ጥርስ፣ ሁሉም በዚሁ ባሕር ያልፋል። ባብ ኤል መንደብ ደግሞ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሁለቱ ዳር አንዱን የያዘ የሌላውን ጉሮሮ ያዘ ማለት ነው።

በ520 ገደማ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር። ካሌብ በሒምየር ላይ ሊዘምት ሲዘጋጅ ለአዱሊስ ገዢ ደብዳቤ ልኮ፣ እዚያ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የጥንት ጽሑፍ ገልብጠው እንዲልኩለት አዘዘ። ሥራው የደረሰው ለኮስማስ ነው። ከጽሑፉ ከፊሉ አንድ የቀድሞ ንጉሥ ባሕሩን ተሻግሮ መዝመቱን ይተርካል። ካሌብ ለምን እንደፈለገው ኮስማስ አልጻፈልንም፤ እኔ ግን የዛሬ መንግሥታት ለድንበር ክርክር የድሮ ካርታ እንደሚያስፈልጉት ነው የሚመስለኝ።

ማዶ የነበረው ነገር እንዲህ ነው። የሒምየር ነገሥታት ከ380 ገደማ ጀምሮ ጣዖትን ትተው ወደ አይሁድ እምነት ያዘነበሉ ነበሩ። ናግራን ላይ ግን ብዙ ክርስቲያን ነበረ። በ521 ለአክሱም የሚስማማ ንጉሥ እዚያ ነግሦ፣ የአክሱም ወታደሮችም ዋና ከተማው ዘፋር ላይ ሰፍረው ነበር። በ522 ዩሱፍ የሚባል ንጉሥ ዙፋኑን ያዘ። አረቦች ዙ ኑዋስ፣ የእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ ይሉታል። የአክሱምን ወታደሮች ፈጀ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቃጠለ፣ በ523 ደግሞ ናግራንን ከበበ። የከተማይቱ አለቃ ኂሩትና ብዙ ወንድና ሴት ክርስቲያኖች ተገደሉ። የዩሱፍ የጦር አለቃ በዚያው ዓመት ድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በዘመቻው ከ12,000 በላይ ሰው መገደሉንና ንጉሡ ከሐበሾች ለመከላከል የመንደብን በኩል እያጠረ መሆኑን አስፍሯል።

ነገሩ የሃይማኖት ብቻ አልነበረም፣ ይህን ደፍሬ እላለሁ። የሒምየር ክርስቲያን ከሮምና ከአክሱም ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዩሱፍ ደግሞ ያሸነፈውን ለማሳወቅ ደብዳቤ የላከው ለፋርስ ወገን ለነበረው ለአረቡ ንጉሥ ለአል ሙንዚር ነው። ደብዳቤው በ524 መጀመሪያ ሲደርስ የሮም መልእክተኞች ለሌላ ጉዳይ እዚያው ተቀምጠው ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ የመን ላይ የፈሰሰ ደም ኢራቅ በረሃ ውስጥ ተሰማ፣ ከዚያ ቁስጥንጥንያና እስክንድርያ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኖስና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ ካሌብ እንዲዘምት ለመኑት።

ስለ ሰማዕታቱ በግሪክኛ የተጻፈው ገድል በ525 አዱሊስ የተሰበሰቡትን መርከቦች ከነመጡበት ይቆጥራል። ይህን ዝርዝር ሳነብ ነው የባሕሩ ካርታ የታየኝ። ከክሊስማ፣ ማለትም ከዛሬው ስዊዝ፣ 20፤ ከአይላ፣ ከዛሬዋ ዓቀባ፣ 15፤ ዮታቤ ከምትባል የሰሜን ደሴት 7፤ ከግብጽ ወደብ ከበረኒቄ 2፤ ከፈረሳን ደሴቶች 7፤ ከሕንድ 9። ካሌብ ራሱ ደግሞ 10 አሠራ። የዚህ ባሕር መርከቦች በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ እንደነበሩ የሮም ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። ሮም ለእነዚህ ሰዎች ብረት የሚሸጥን በሞት ትቀጣ እንደነበረም ጨምሯል። ወዳጅነቱ እስከዚህ ድረስ ነበር፤ መርከብ አበድራለሁ፣ ብረት ግን አልሸጥም!

የእነዚያ ወደቦች ባለቤቶች ዛሬም ይሰበሰባሉ። ጥር 2020 ሪያድ ላይ ሳዑዲ፣ ግብጽ፣ ዮርዳኖስ፣ ሱዳን፣ የመን፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ አገሮች ምክር ቤት አቋቋሙ። ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት የለችበትም። ዳርቻ ያላት እስራኤልም የለችበትም። ጎረቤት ማን ነው የሚለውን ባሕሩ ብቻውን አይወስንም ለካ።

ወደ ካሌብ ልመለስ። ተሻገረ፣ አሸነፈ፣ ዩሱፍ ሞተ። ካሌብ ሱሙያፋ አሽዋ የሚባል የአገሩን ተወላጅ ክርስቲያን አንግሦ፣ በየዓመቱ ግብር እንዲልክ አድርጎ ወደ አክሱም ተመለሰ። በ531 ገደማ ሌላው የሮም ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ መልእክተኛ ላከ። አክሱሞች ሐር ከሕንዶች ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ፣ ሒምየሮች ደግሞ ፋርስን እንዲወጉ ነው የጠየቀው። ሁለቱም እሺ አሉ፣ ሁለቱም አልሆነላቸውም። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚቆሙበት ወደብ ቀድመው ተቀምጠው ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር፤ ከየመን ፋርስ ድረስ ያለው በረሃም ለጦር የሚሆን አይደለም። ሩቅ ያለ ኃያል መንግሥት በጎረቤቶች እጅ ጠላቱን ሊመታ ሲሞክር ያኔም እንዲህ ነበር።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ክፍል ላይ ደረስኩ። ካሌብ ሲመለስ ከሠራዊቱ ብዙዎቹ አልመለስም ብለው ቀሩ። ምክንያታቸው መሬቱ ጥሩ መሆኑ ነው። ፕሮኮፒዮስ ባሮችና ወንጀል የለመዱ ነበሩ ይላቸዋል። እኔ አላምነውም። ሰው አገር ቀርቶ ያልተመለሰ ሰው መቼም ስም ይወጣለታል፣ እኛ እናውቀዋለን እኮ። እነዚህ የቀሩት ሰዎች ሱሙያፋን ምሽግ ውስጥ አስረው አብርሃን አነገሡ። አብርሃ አዱሊስ ላይ የመርከብ ንግድ የሚሠራ የአንድ ሮማዊ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። እንደኛ በኮንትራት የሰው ቤት ገብቶ የሚሠራ አልነበረም፣ ባሪያ ነበር።

ካሌብ ተቆጥቶ 3,000 ወታደር ላከ። እነሱም መሬቱን ሲያዩ አዛዣቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋር ተደባለቁ። ሁለተኛ ጦር ላከ፣ ያም ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ካሌብ አልሞከረም። ሰባ ያህል መርከብ ያሻገረ ንጉሥ የራሱን ሰዎች መመለስ አቃተው። አብርሃ ግብር ለመክፈል የተስማማው ካሌብ ከሞተ በኋላ ከተተካው ንጉሥ ጋር ነው። በ548 የማሪብን ግድብ ሲያሳድስ ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ የመጡለትን መልእክተኞች ዘርዝሯል፤ መጀመሪያ የአክሱም ንጉሥ፣ ቀጥሎ የሮም፣ ከዚያ የፋርስ፣ ከዚያ የአረብ አለቆች። የአንድ ነጋዴ ባሪያ የነበረው ሰው፣ የባሕሩ ጎረቤቶች ሁሉ ደጁ መጡ።

የካሌብ መጨረሻ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንዲህ ነው። ዘውዱን አውልቆ በጌታ መቃብር እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላከ፣ እሱም አክሱም አጠገብ ካለው ከአባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገብቶ መነኮሰ። ልጁ ገብረ መስቀል ነገሠ። በሁለቱ ስም የሚጠሩት መቃብሮች ጎን ለጎን አክሱም ከተማ ዳር ይታያሉ። የካሌብ መታሰቢያ ግንቦት 20 ነው፤ ቀኑ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው የደርግን መውደቅ ቢሆንም፣ በስንክሳሩ ላይ የእሱ ቀን ነው።