ጆርጂ ቮሮኖይ እና የቆላው ዝናብ

የወላይታን ዝናብ በካርታ ላይ ስዘረጋ ሥራው የረዳኝ ሰው ጆርጂ ቮሮኖይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በዩክሬን፣ ዡራቭካ በምትባል መንደር ተወለደ። በሴንት ፒተርስበርግ ሒሳብ ተምሮ በ1894 ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ያጠና የነበረው ቁጥርን እንጂ ዝናብን አልነበረም። እያንዳንዱን ቦታ ለሚቀርበው ነጥብ የሚያካፍለውን ሥራውን በ1908 ማሳተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ገና በ40 ዓመቱ ታሞ ሞተ። በ1911 አሜሪካዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ አልፍሬድ ቲሰን ይህንኑ አከፋፈል ለዝናብ ስሌት አዋለው፤ እኛም ክፍል ውስጥ በቲሰን ስም ነው የምንጠራው።

ዘዴው ግን ከፍታን አያይም። ለሶዶ ጣቢያ የቀረበ ቆላ ሁሉ የሶዶን ዝናብ ይታደላል። ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ያለ ገበሬ በዚህ ቁጥር ተማምኖ ቢዘራ ዘሩ ሊደርቅበት ይችላል። ስለዚህ ርቀቱን ከቮሮኖይ ወሰድኩ፣ ከፍታውን ግን ራሴ ጨመርኩበት።