የአባቱን መዝገብ ያረመው መርከበኛ

 

የደረሳችሁን ወሬ ሁሉ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የዚህን ሰው ታሪክ ስሙ። አሕመድ ኢብን ማጂድ ይባላል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ጁልፋር በምትባል ወደብ፣ በዛሬዋ ራስ አል ኸይማ፣ ከመርከበኛ ቤተሰብ ተወለደ። አያቱም አባቱም በቀይ ባሕር የታወቁ ሙዐሊሞች ነበሩ። ያኔ የባሕር ሰዎች ሙዐሊም የሚሉት መርከብን መንገድ የሚመራውን አዋቂ ነው።

ቀይ ባሕር ቀላል ባሕር አይደለም። ከውሃው በታች መርከብ የሚቀድ የኮራል ድንጋይ ሞልቶበታል። ወደ ጅዳ የሚሻገሩ ሑጃጆች ተወኩላቸው በአላህ ነው፤ ሰበቡ ግን የሙዐሊሙ ዕውቀት ነበር። ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ነፋሱ መቼ እንደሚዞር፣ ኮከቡ በየት እንደሚወጣ ማወቅ ነበረበት። አባቱ ይህን ዕውቀት ከሺህ በላይ ስንኝ ባለው ግጥም አኖረው። ግጥም በቃል ይያዛል፤ በማዕበል መሃል መጽሐፍ የሚገልጥ የለምና።

ልጁ ይህን ሁሉ ወረሰ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የአባት ቃል ነውና ዝም ብሎ መከተል ይቀላል። ኢብን ማጂድ ግን 40 ዓመት ለሚሆን ጊዜ በባሕር እየተመላለሰ የወረሰውን በገዛ ዓይኑ አጣራ። ትክክሉን አጸና፣ የጎደለውን ሞላ፣ የተሳሳተውን አረመ። ይህ አባትን መናቅ አይደለም፤ በጽሑፎቹ ሁለቱንም በክብር ያነሳቸዋል። ነገር ግን በዚያ ባሕር አንድ የተሳሳተ መስመር ለክብር ተብሎ ሲተላለፍ፣ ከኋላ የሚመጣው መንገደኛ ይሰጥማል።

የዕድሜ ልክ ልፋቱን በ1490 ገደማ በ12 ክፍል ባዘጋጀው ኪታብ አል ፈዋኢድ ውስጥ አሰፈረ። ኮከቦችን፣ የወቅት ነፋሶችን፣ የሕንድ ውቅያኖስ ወደቦችን ያስተምራል። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀይ ባሕር ነው። መርከበኛ ጠሃራውን እንዲጠብቅም ይመክራል። ቂብላን ስለማወቅ የጻፈው ግጥምም አለው።

አሁን የሚያሳዝነውን ስሙ። በ1498 ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ ከማሊንዲ ተነስቶ ሕንድ ገባ። ከብዙ ዓመታት በኋላ መካ ውስጥ የተጻፈ አንድ የታሪክ መጽሐፍ፣ መንገዱን ያሳየው ሰክሮ የነበረው ኢብን ማጂድ ነው አለ። ወሬው ከመጽሐፍ መጽሐፍ ዞረ። የፖርቱጋል ጸሐፊ ግን መሪው የጉጅራት ሰው እንደነበር መዝግቧል፤ ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም ያንን ክስ አይቀበሉም።

አያችሁ? የአባቱን ቃል እንኳ ሳያጣራ ያላስተላለፈ ሰው፣ ስሙ የጎደፈው ሳይጣራ በተላለፈ ወሬ ነው።

ውድ ወጣቶች፣ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክም መዝገብ ነው። የላካችሁትን የሚከተል፣ አምኖባችሁ የሚጓዝ ሰው አለ። ከወላጅም ይምጣ ከጓደኛ፣ ከዱዓትም ይምጣ ከማንም፣ አጣሩ። የተሳሳተ ካገኛችሁ በአደብ አርሙ። የሰው ስም ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ አጣሩ፤ ካልሆነላችሁ ዝም በሉ።

አላህ ለኢብን ማጂድ ይዘንለት። እኛንም እውነትን ከሚያጣሩ፣ አማናን ከሚጠብቁ ባሮቹ ያድርገን። ኣሚን።